ሰባት ቁጥር ሳጥን

ጥቅምት 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቦጋለች ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ሰሊጥ አጫጆችን ጭኖ ወደ መተማ ይወርድ የነበረ መኪና ተገልብጦ ተቃጥሏል። ዐሥራ አንድ ሬሳ ወጣ፤ ፊት አይቶ የሚለይ ግን አልተገኘም። ልጇ ምስጋናው እዚያ መኪና ላይ ነበር። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አጥንቱን ወደ ደብሯ ቤተ ልሔም አምጥታ ከባሏ ከታፈረ ጎን መቅበር።

ናሙና ልትወስድ ከአዲስ አበባ የመጣችው ሕሊና «አፍዎን ይክፈቱ እማማ» አለቻት።

«ጥርሴን ልትነቅይ ነው እንዴ? የቀሩኝ አራት ናቸው።»

«አይዞዎት፣ ጉንጭዎን በጥጥ ጠረግ ላድርግ ብቻ ነው። በሰው ገላ ውስጥ፣ በምራቅም በአጥንትም፣ ከሌላው የሚለየው ምልክት አለ፤ ዲ ኤን ኤ ይባላል። ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት ይመጣል። ከአጥንቱ የወጣውን ከእርስዎ ጋር እናስተያየዋለን። በምናየው ምልክት ሁሉ ግማሹ ከገጠመ ልጅዎ ነው። የወለዱት እርስዎ ነዎት?»

ምስጋናውን የወለደችው የቦጋለች ጎረቤት ብርነሽ ነበረች፤ በወለደች በሰባተኛው ቀን ሞተች። ቦጋለች ያን ሰሞን የራሷን ሕፃን ቀብራ ጡቷ ወተት አግቶ ነበርና አንስታ አጠባችው። የነፍስ አባታቸው መምሬ ገብረ ሚካኤል እሷንም ታፈረንም መስቀል አስይዘው «አልወለድነውም የሚል ቃል ከአፋችሁ ቢወጣ ውግዝ ሁኑ» ብለው አስማሏቸው። ደግሞስ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠባው ወተት ደሙ ውስጥ ካልገባ የት ሄደ?

«እኔ ነኝ» አለች።

የካቲት ላይ ሕሊና ተመልሳ መጣች። የዐሥራ አንዱም አጥንት ቁጥር በተጻፈበት ሳጥን ተቀምጦ ነበር፤ ዐሥሩ ሳጥን ዘመዱን አግኝቷል።

«እማማ፣ የቀረው ሰባት ቁጥር ነው። ከእርስዎ ጋር አልገጠመም።»

ቦጋለችን አጅባ የመጣችው ጎረቤቷ የኔነሽ «እልል በይ እንጂ አንቺ! ሱዳን ተሻግሮ ይሆናል!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ቦጋለች ግን ያልገጠመው ለምን እንደሆነ ታውቅ ነበር።

በማግስቱ መምሬ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ሰምተው ሲያበቁ «ያሰርኩሽ እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ሂጂ ንገሪ» አሏት።

ቦጋለች ሕሊና ከንፋስ መውጫ ሳትነሳ ደረሰችባትና ሁሉን ነገረቻት።

«የብርነሽ እኅት ወንድም የለም?»

«ማንም የላትም፤ መቃብሯም ከጠፋ ቆየ።»

«አባቱስ?»

«በ83 በአገራችን ሲያልፍ ያደረ ወታደር ነው፤ ስሙንም አልነገረችኝ።»

«የምስጋናው ያልታጠበ ልብስስ? ኮፍያው? ምልክቱ ላቡ ላይም ይገኛል።»

«ሁሉን አጥቤ ለነፍሱ ለነዳያን ሰጠሁ። ልጄ፣ ሰባት ቁጥር እሱ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?»

«እኔም እሱ ይመስለኛል። ግን መኪናው የተሳፋሪ መዝገብ አልነበረውም፤ ከመንገድ የተሳፈረ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የሚገጥም የሥጋ ዘመድ ካልተገኘ ሳጥኑን አይሰጡም።»

«የኔ ወተትስ?»

«እሱ እዚያ አይታይም፣ እማማ።»

ሰባት ቁጥር ሳጥን በ2006 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ አዲስ አበባ ዘመድ ካልተገኘላቸው ሬሳዎች ጋር ተቀበረ። ወሬው ቦጋለች አገር ጋይንት የደረሰው አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ በመስከረም ነው።