አጣቢዋ ያየችው

«ምች ነው የገደላት» አሉ ከሰንበቴ ከተማ የመጡት ሴት፣ ንፍሮውን እየዘገኑ። «ላቧ ሳይደርቅ ነፋስ መትቷት ነው።»

«ኧረ ዓይን ነው እንጂ!» አለች ሌላዋ።

መቼም ለቅሶ ቤት ሁሉም ሐኪም ነው። ኡምኩልሱም ሰሌኑ ጥግ ተቀምጣ ትሰማለች። እናቷ ሸሪፋ ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነው። በምን እንደሞተች የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ እሷ፣ ሌላዋ ጀናዛዋን ያጠበችው የእናቷ ታናሽ እህት ረቢአ።

ውሃ ያቀበለችው ኡምኩልሱም ነበረች። የረቢአ እጅ ከጨርቁ ስር ግራ ጡት ላይ ሲደርስ ቆመ። ጨርቁ ትንሽ ሲገለጥ ልጅቷም አየች። ጡቱ ጠንክሯል፣ ቆዳው ወደ ውስጥ ተጎትቶ ቆስሏል። እናቷ ይህን ለወራት ለብቻዋ ይዛው ኖራለች።

«ጨልሲ፣ እንተለ ኮ! ዝም በይ፣ ልጄ» አለቻት ረቢአ። «አጣቢ ያየው አማና ነው። የሟች ገመና አይወጣም።»

አምና ዘጠነኛ ክፍል ሳለች አንዲት ነርስ ትምህርት ቤት መጥታ ሴቶቹን ለብቻ ሰብስባ ነበር። በየወሩ ጡታችሁን ዳብሱ፣ እባጭ ካገኛችሁ ባያማችሁም ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የጡት ካንሰር አንዳንዴ በዘር ይወርዳል አለቻቸው። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ጓደኛዋ ፋይዛ «ይሄ ለአሮጊቶች ነው» ብላ ስታሾፍ ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ኡምኩልሱም ነበረች። ቤት ስትገባ እናቷ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» አለቻት።

«ሂሳብ» አለች። ይህን መቼም ለራሷ ይቅር አትልም።

አሁን ብድግ ባለች ቁጥር አንዱ ለቀስተኛ ትከሻዋን ይዞ «አብሽሪ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» እያለ መልሶ ያስቀምጣታል። ዝም ካለች እናቷን የበላው በሽታ አክስቷንም ሊበላ ይችላል። ረቢአ ወደ ጓዳ ስትገባ አይታ ተከተለቻት።

«አክስቴ፣ አንቺም መታየት አለብሽ። ጡትሽን።»

«አስተግፊሩላህ! አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ?»

«የእማን አማና አላወጣሁም። ስላንቺ ነው የምልሽ።»

«ለወንድ ሐኪም ልገለጥ? ሰው ቢሰማስ? የበሽታ ዘር ናቸው ቢሉን አንቺን ማን ያገባሻል?»

«ያላገባኝ ይቅር! እናት ሞታብኛለች፤ አንቺን ደግሞ አልቀብርም!» እንባዋ መጣ። «ሴት ነርስ አለች፣ አውቃታለሁ።»

ከድንኳኑ የዱዓው ድምፅ ይሰማል። ረቢአ በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችና የልጅቷን እጅ ይዛ በቀሚሷ ስር ወደ ብብቷ ሰደደችው።

«እዚህ ጋ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ከረመዳን ጀምሮ። አያምም እኮ።»

ሽምብራ የምታህል ጠንካራ ነገር ነበረች።

«ነገ እንሄዳለን» አለች ኡምኩልሱም።

«የለቅሶው ሦስት ቀን ሳይወጣ?»

«ሳይወጣ።»

«ረቢአ!» ብለው ከውጭ ተጣሩ። «እንግዶች መጥተዋል፣ የት ገባሽ?»

«መጣሁ!» አለች ረቢአ። የልጅቷን እጅ ግን አልለቀቀችም።