አፍራ ወደ ማን ሄደች?

ሀስና የልጇን የመጀመሪያ ጥርስ ያየችው በስልክ ነው። መርካቶ ካለው የሕፃናት ልብስ ሱቋ ውስጥ ቆማ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ደንበኛ የአራስ ልብስ እየዘረጋች ሳለ ፋኢዛ ደወለች። ፋኢዛ የባሏ የሙህዲን ታናሽ እህት ናት።

«ሀስና! እዪ፣ እዪ! ብቅ ብላለች!»

ፋኢዛ ካሜራውን አስጠግታ የሕፃኗን የታችኛውን ከንፈር በጣቷ ዝቅ አደረገችው። ድዷ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ነገር ትታያለች።

«ማሻአላህ» አለች ሀስና። «መቼ አየሻት?»

«ጠዋት ገንፎ ሳበላት ማንኪያው ቃ ሲል! ደነገጥኩ እኮ!»

ሀስና ስልኩን ዘጋችና ልብሱን ማጠፍ ጀመረች። ደንበኛዋ «የመጀመሪያ ልጅሽ ናት? ታድለሽ» አለቻት። ሀስና ፈገግ አለች። ጥርሷን የነካው የማንኪያ ድምፅ ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዋ አልወጣም። የሰማችው እሷ አልነበረችም።

ሕፃኗ አፍራ ሦስት ወር ሳይሞላት ነበር ሀስና ወደ ሱቅ የተመለሰችው። ሙህዲን ዕቃ ለማምጣት በየጊዜው ከአገር ይወጣል፤ ሱቁ ደግሞ ያለ እሷ አይሆንም። ስለዚህ ወራቤ አጠገብ ካለው የቤተሰቡ መንደር ፋኢዛ መጣች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ሙህዲን ቃል ገባላት፦ «አፍራ ዓመት ሲሞላት አካውንቲንግ ትማሪያለሽ፤ አስመዘግብሻለሁ።»

ቤታቸው መሳለሚያ ነው፤ ከሱቁ ሩቅ አይደለም። ቢሆንም ሀስና ጠዋት ወጥታ ሲመሽ ነው የምትገባው። ልጅቷ የተገላበጠችው ሀስና ከጅምላ ገዢዎች ጋር ስትከራከር ነው። ሳትደገፍ የተቀመጠችውም፣ የዳኸችውም እሷ በሌለችበት ነው። ሁሉንም ፋኢዛ በደስታ ትደውላለች፣ ትቀርጻለች፣ ትልካለች። ሀስና የሌላ ሰው ልጅ ዕድሜ በዓይኗ ትገምታለች፤ እናት ሕፃን አዝላ ወደ ሱቋ ስትገባ ገና ሳትጠይቅ «ስምንት ወር፣ አይደል?» ብላ ልኩን ታወርዳለች። የራሷን ልጅ ግን በቪዲዮ ነው የምታሳድገው።

መጀመሪያ ላይ ስሜቱን ናፍቆት ነው ብላ ነበር። ኋላ ላይ ናፍቆት አለመሆኑን ራሷም አወቀችው። እሁድ እሁድ ልጅቷን ከፋኢዛ እጅ ትወስድና «አንቺ ሂጂ፣ እረፊ» ትላታለች፤ እንድታርፍ ግን አልነበረም። አፍራ ግማሽ ሰዓት ትጫወትና ዓይኗ ወደ ወጥ ቤቱ በር ይሄዳል። ያኔ ሀስና ተነስታ በሩን ትዘጋዋለች።

አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ ፋኢዛ ልጅቷን ሶፋ አስይዛ ስታቆማት አየች።

«ተይ ተይ! አታቁሚያት» አለች። «ሐኪሙ ቶሎ ማቆም እግር ያጎብጣል ብሏል።»

ሐኪም እንዲህ ያለው ነገር የለም። ፋኢዛ ግን አመነች። ከዚያ ቀን ወዲህ አፍራ ራሷ ይዛ ስትነሳ እንኳ እየሳቀች ታስቀምጣት ነበር።

በአሥረኛው ወር አፍራ የመጀመሪያ ቃሏን አወጣች። «እማ» አላለችም። «ኢዛ» ነው ያለችው። ሙህዲን ከሳቁ የተነሳ እንባው መጣ። ሀስናም ሳቀች፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ቆመች።

አረፋ ደረሰ። እንደ ብዙዎቹ የመርካቶ የስልጤ ነጋዴዎች እነሱም ሱቃቸውን ዘግተው ወደ አገር ቤት ሊሄዱ ተነሱ። ለአፍራ የመጀመሪያዋ ጉዞ ነው፤ አያቷም አቅፈዋት አያውቁም። ሀስና ለበዓሉ ከሱቋ ምርጡን ቀሚስ አመጣች፤ ነጭ፣ ወገቡ ላይ ሪባን ያለው፣ የአሥራ ሁለት ወር።

ፋኢዛ ቀሚሱን አየችና «ውይ ሲያምር! ግን ይጠባታል» አለች። «ደረቷ ሰፊ ነው፤ አሁን የምታደርገው የአሥራ ስምንቱን ነው።»

«እኔ የምሸጠውን አላውቅም?»

ሀስና ልጅቷን ልታለብሳት ሞከረች። ዚፑ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። አፍራ አለቀሰች።

ጠዋት በኮንትራት ሚኒባስ ተነሱ። ሀስና ልጇን ታቅፋ ከፊት ተቀመጠች። ቡታጅራ ሳይደርሱ አፍራ አስመለሳት፣ ከዚያ አልቅሳ አልቅሳ ትንፋሽ አጠራት። ሀስና እሹሩሩ አለቻት፣ አገላበጠቻት፣ ጡት ሰጠቻት። ምንም የለም። ሙህዲን ከኋላ «እስቲ ለፋኢዛ ስጫት» አለ። ሰጠቻት። ፋኢዛ የልጅቷን ግራ ጆሮ በሁለት ጣቷ ቀስ እያለች አሸችላት፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አፍራ እንቅልፍ ወሰዳት። ሀስና ቀሪውን መንገድ በመስኮት ውጭውን እያየች ሄደች።

መንደር ሲደርሱ የባሰ መጣ። ሴቶች ለብቻቸው በሚያከብሩት የሴቶች አረፋ ዕለት የጎረቤት ሴቶች ቆጮውንና ቅቤውን ከበው ሲጫወቱ አንዷ አፍራን ፋኢዛ ጉልበት ላይ አይታ «ፋኢዛ፣ ሳንሰማ ወለድሽ እንዴ?» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። «ቁርጥ አንቺን!» አለች ሌላዋ። ፋኢዛ እፍረት ይዟት «ኧረ የሀስና ናት!» ብላ ወደ ሀስና ጠቆመች። ሀስና በእጇ የያዘችውን ቆጮ መልሳ አስቀመጠችው።

ከሰዓት በኋላ አማቷን እማማ ሸምሲያን ብቻቸውን አገኘቻቸው። ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ቅር አይበልዎት።»

«ንገሪኝ ልጄ።»

«ፋኢዛ እዚህ ከእርስዎ ጋር ብትቀር ይሻላል። ከተማው አልተስማማትም። ስልክ ይደወልላታል፤ ማን እንደሆነ አትናገርም። እኔ ሱቅ ነኝ፣ ልቆጣጠራት አልችልም።»

የሚደወለው ፋኢዛ ልትመዘገብ ካሰበችበት ኮሌጅ ነበር፤ ሀስናም ታውቃለች። ምዝገባው ከአረፋ በኋላ ባለው ሳምንት ነው።

«አልሀምዱሊላህ፣ አንቺ ሰው ነሽ» አሉ እማማ ሸምሲያ። «ሌላው ቢሆን ደብቆኝ ልጄ ትጠፋብኝ ነበር።»

ምስጋናው ሀስናን ወጋት። ቃሏን ግን አልመለሰችም።

ሙህዲን ከእናቱ ሰምቶ መጣና «እውነት ነው?» አላት።

«እናትህ ከወሰኑ እኔ ምን እላለሁ?» አለችው።

ፋኢዛ ለምን እንደቀረች የነገራት የለም። «እናትሽን አግዢ» ብቻ ነው የተባለችው። አልተከራከረችም። በመሄጃቸው ጠዋት የአፍራን ልብሶች አጣጥፋ ቦርሳ ውስጥ እየከተተች፣ ቀና ሳትል ለሀስና ነገረቻት፦ «ገንፎው ወፍራም ከሆነ ትተፋዋለች። ውሃ በሰማያዊው ኩባያ ነው፤ በሌላ አትጠጣም። የሱቃችሁን ሕንፃ የሊፍት ድምፅ ትፈራለች፣ ጆሮዋን ያዢላት። ስታኮርፍ ዝም በያት፣ ራሷ ትመጣለች።»

ሀስና እየሰማች «እሺ፣ እሺ» አለች። የገዛ ልጇን ከሌላ ሴት አፍ እየተማረች ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ ያቃጠላት። ሚኒባሱ ሲነሳ ፋኢዛ አልተከተለችም። በሩ ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘች፤ አፍራ መስታወቱን በሁለት መዳፏ እየመታች ጮኸች።

አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ አፍራ ሦስት ቀን በር በተከፈተ ቁጥር «ኢዛ?» ትል ነበር። በአራተኛው ቀን ተወችው። ሀስና ልጇን አዝላ ሱቅ መግባት ጀመረች። በካርቶን አጥራ ቦታ ሠራችላት። ሥራው አስቸጋሪ ነበር፤ ደንበኛ እያናገረች ገንፎ ታበላለች፣ ዳይፐር እየቀየረች ልክ ትናገራለች። ግን ልጇ አጠገቧ ናት። የጎጃሟ እትዬ ሠርኬ፣ በጎን ክርና መርፌ የሚሸጡት ሴትዮ፣ አልፎ አልፎ ይይዙላታል።

አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ሆነ። ሀስና ከመደርደሪያው ሥር ተንበርክካ ካልሲ ትደረድራለች። ቀና ስትል አፍራ ካርቶኑን ይዛ ቆማለች። ከዚያ ካርቶኑን ለቀቀችው። ሆዷን ወደ ፊት ገፋ አድርጋ ተወዛወዘች፣ አንድ እግሯን አነሳች።

«አፍራዬ» አለች ሀስና በሹክሹክታ። እጇን ዘረጋች።

አንድ። ሁለት። ሦስት። በአራተኛው እናቷ ደረት ላይ ወደቀች።

ሀስና ጮኸች። እትዬ ሠርኬ መርፌያቸውን ጥለው እልል አሉ። ከኮሪደሩ ማዶ ያሉት ነጋዴዎች ምን ተፈጠረ ብለው ወጡ፤ «እሰይ! ተራመደች!» እያሉ አጨበጨቡ። ሀስና ልጇን ሳመቻት፣ ሳመቻት፣ አለቀሰች። ወደ እሷ ነው የመጣችው። ማንም ሳይቀድማት አየች።

ከዚያ ሳታስበው ስልኳን አንስታ ፋኢዛ ጋ ደወለች። ይህን የሚረዳላት ሰው እሷ ብቻ ናት። የአፍራን ነገር ሁሉ ለወራት ያወራችው ከእሷ ጋር ነበር።

ስልኩን ያነሱት እማማ ሸምሲያ ናቸው።

«ፋኢዛ የለችም እንዴ እማማ?»

«አለች። ስልኩ ነው እኔ ጋ ያለው። አንቺ ከነገርሽኝ ቀን ጀምሮ ወስጄባታለሁ። ከግቢም አትወጣም። አንዲት ሴት ልጅ ስለ ትምህርት ነው ብላ ትደውል ነበር፤ እሷንም ሁለተኛ እንዳትደውል አልኳት። ምነው፣ ደህና ናችሁ?»

አፍራ ጭኗ ላይ የካልሲውን ላስቲክ ትጎትታለች።

«እማማ… ውሸት ነው» አለች። «የነገርኩዎት ውሸት ነው። ልጅቷ ምንም የላትም። የሚደወለው ከኮሌጁ ነው። ልጄ ስለወደደቻት ቀንቼ ነው።»



«ለእኔ አይደለም የምትነግሪኝ» አሉ እማማ ሸምሲያ። ድምፃቸው ውስጥ «ልጄ» የሚለው አልነበረም። «ለእሷ ንገሪያት። በስልክ ደግሞ አይሆንም።»

ሙህዲን ሲሰማ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻላት ነበር። «እህቴን?» አለ ብቻ። ከዚያ «እኔ አልወስድሽም። ራስሽ ሂጂ» አላት።

በማግስቱ ሱቁን ለእሱ ትታ፣ አፍራን ይዛ በሕዝብ ሚኒባስ ተሳፈረች። አራት ሰዓት ሙሉ ልጅቷ ጭኗ ላይ ነበረች። አስመለሳት፤ አለቀሰች። ሀስና ግራ ጆሮዋን እያሸች አስተኛቻት።

ፋኢዛ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ስታያቸው እጇ ላይ የነበረው አንሶላ መሬት ወደቀ። ሀስና አፍራን አወረደቻት። ልጅቷ ቆመች፣ እናቷን አየች፣ ከዚያ ዞራ እየተንገዳገደች ወደ ፋኢዛ ሄደች። ስድስት እርምጃ። ሰባት። ሀስና ቆጠረች። ያው የድሮው ቅናት ተነሳባት፤ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ትራመዳለች!» ፋኢዛ አንስታ አቀፈቻት። «እግሯ ግን… ሐኪሙ…»

«ሐኪሙ ምንም አላለም። እሱም የእኔ ውሸት ነው።» ከዚያ የቀረውን ነገረቻት፤ ለእናቷ ያለችውን፣ ለምን እንዳለችው፣ አንድም ሳታስቀር።

ፋኢዛ ሰማቻት። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«እናቴ እኮ ዓይኔን አታይም» አለች። «አባቴ ጨርሶ አያናግረኝም። ምን እንዳደረግኩ አላውቅም ነበር። ሌሊት ሌሊት ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ… ሀስና፣ ልጅሽን የምወስድብሽ መስሎሽ ነው?»

«አዎ።»

«ልትነግሪኝ አትችይም ነበር? ስልክ አትደውይ፣ ቪዲዮ አትላኪ ብትይኝ እተው ነበር እኮ። የምልክልሽ እንዳያመልጥሽ ብዬ ነው።»

ሀስና ማሪኝ ብላ ለመነቻት። ፋኢዛ አፍራን እንደታቀፈች ወደ ቤት ገባች። ሀስና ግቢው ውስጥ የወደቀውን አንሶላ አንስታ እንደገና አጠበችው፤ ሌላ የምታደርገው ነገር አልነበራትም።

በሦስተኛው ቀን ፋኢዛ ሐሳቧን ተናገረች። ሙህዲንም በስልክ እየሰማ ነበር። «እመጣለሁ። ግን ሞግዚት ሆኜ አይደለም። ልማር ነው የምመጣው። ትምህርቱ እስኪጀመር ከሰዓት በኋላ ሱቅ እቆማለሁ፤ ያኔ ሀስና ቤት ትሁን። ልጇን ራሷ ታሳድግ።»

ምዝገባው አልፎ ስለነበር ፋኢዛ ቀጣዩን ዙር አራት ወር ጠበቀች። እነዚያ ወራት ቀላል አልነበሩም። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቤት ውስጥ በትሕትና ይነጋገሩ ነበር፤ እንደ እንግዳ። የፋኢዛ የድሮ ሳቅ ቶሎ አልተመለሰም። እማማ ሸምሲያም ሲደውሉ ከሀስና ጋር ቃላቸውን ያሳጥራሉ።

ሀስና አሁንም ትቀናለች። ፋኢዛ ከትምህርት ስትመጣ አፍራ መጫወቻዋን ጥላ ስትሮጥ ያው ነገር ይመለስባታል። ግን አትደብቀውም። አንድ ቀን፣ ፋኢዛ ልጅቷን አየር ላይ እያነሳች ስታጫውት፣ ሀስና ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና «ፋኢዛ፣ ዛሬ ቀንቻለሁ፤ አምጪያት» አለቻት።

ፋኢዛ ዞር ብላ አየቻት። ከብዙ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀችና ልጅቷን መሬት አቆመቻት።

«ነይ ውሰጂያት» አለች። «ከባድ ሆናለች፤ እኔም ደክሞኛል።»