የጋሽ ቀዳሚ ቁጥቋጦ

የዕፅዋት ናሙና ክፍሉ ሠራተኞች አለቃቸውን ከጀርባው "ጋሽ ቀዳሚ" ይሉታል። ተራራ የሚወጣው ሌላ፣ ዝናብ የሚደበድበው ሌላ፣ ቅጠል በጋዜጣ መሃል ሲያደርቅና አጉሊ መነጽር ላይ ሲያጎነብስ ወገቡ የሚቆረጠው ሌላ፤ ጽሑፉ ሲታተም ግን ፊት የሚቆመው የእሱ ስም ነው። እሱ እቴ! ከአስፋልት ርቆ የበቀለ ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

ከሁሉም በላይ የተበላችው ዶክተሯ ናት። ወጣትነቷን የጨረሰችው ከእሱ ስም ኋላ ተሰልፋ ነው። ፊት ለፊት "ጋሼ፣ እርስዎ" ትለዋለች፤ በሆዷ ግን ሲያስነጥስ እንኳ ትንቀዋለች። ስለዚህ ጭጋግ ከማይለየው ተራራ አናት ላይ ማንም ያልመዘገበው ቁጥቋጦ ስታገኝ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ይሄኛው የእሷ ብቻ ነው። አንዴ እንኳ፣ አንዴ ብቻ፣ ስሟ ከእሱ ጀርባ ሳይሆን እንዲጻፍ ፈለገች።

ቁጥቋጦው ደግሞ አይጣል ነው። ሲነኩት ያልታጠበ ካልሲ ይሸታል። ዶክተሯ መግለጫውን ስትጽፍ ሳቋን መያዝ አቃታት፦ "አበባው ትልቅና ደማቅ፤ ፍሬው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ። ብቻውን አይቆምም፤ የሌሎችን ግንድ ይደገፋል።" አንድም ቃል አልዋሸችም፤ እየጻፈች የምታየው ግን ሰውየውን ነበር። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣላት። በእሱ ስም ብትሰይመውስ?

ቤት ገብታ ለእህቷ ስትነግራት አንጀቷ ቅቤ ጠጥቷል። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን አቁማ አየቻት።

"ሰው የናቀውን ሰው ስም ያስጠራል እንዴ?"

"አልገባሽም፣ እቱ። በሙያችን ሕግ የተክል ስም አንዴ ከታተመ ያወጣሁት እኔ ራሴ እንኳ ልሰርዘው አልችልም። ዓለም እስካለች ስሙ ከዚህ ግማት ጋር ይነሳል።"

"ቢደሰትስ?"

"መግለጫውን ካነበበ? ደሙ ነው የሚፈላው!"

"ካነበበ" አለች እህቷ ክሯን እየቆረጠች።

ጽሑፉ የታተመ ዕለት ዶክተሯ አምራ ለብሳ ቁጣውን ስትጠብቅ፣ ጋሽ ቀዳሚ በሩን በርግዶ ገባ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ልጄ! ይህን ሁሉ ሰው ሳሳድግ እንዳንቺ ያሰበልኝ የለም!" ብሎ አቀፋትና ትከሻዋን በእንባ አራሰው።

መግለጫውን አላነበበም። ምን በወጣው! ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ከስም በታች አንብቦ አያውቅም።

ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበ። ዋናው ናሙና የተቀመጠበትን ቀይ አቃፊ አስወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና ጣቱን ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ላይ አሳረፈ።

"አንብቢላቸው።"

ዶክተሯ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ቁጥቋጦው የሚመደብበት ወገን ስም፤ ቀጥሎ የእሱ ስም፤ ከዚያ፣ በሙያው ደንብ፣ ዝርያውን የሰየመው ሰው ስም ይከተላል። ይህን ለተማሪዎቿ ስንት ጊዜ አስተምራለች! ንቀቷ ዓይኗን ጋርዶት እንጂ። የራሷ ስም ላይ ስትደርስ ቆመች። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። በየመጽሐፉ፣ በየአገሩ፣ ሁለቱም ከሞቱ በኋላም ሳይቀር። ድሮ የሚያሰልፋት እሱ ነበር፤ ዛሬ በገዛ እጇ ተሰለፈች፤ የሚሽረውም የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ ይልቅ ራሷን ናቀች።

"ምነው ቆምሽ? ጨርሺው እንጂ፣ ያንቺም ስም አለበት እኮ" አላት ደረቱን ነፍቶ፤ ትከሻዋንም ቸብ ቸብ አደረገ። "ያው እንደለመድነው!"