ሰባት ቤት ያለፈ ስፌት

የወይዘሮ ደብሬ ልጅ ማኅደር ሱዳን ውስጥ ዶካ ከተማ ተወልዳ ዶካ አደገች። ወስፌ የምትጨብጠው ከእግሯ እሾህ ለማውጣት ነው። እናቷ ግን ልጅቷ ለጋብቻ ከታሰበች ወዲህ "የኛ ቤት ስፌት ከእናት ወደ ልጅ ነው እንጂ ከደጃችን ወጥቶ አያውቅም" ማለት ጀመሩ። እውነት ነው፣ አልወጣም። ገብቶም አያውቅ።

ሙሽራ በእጇ የሰፋችውን መሶብ ለሽማግሌ ሳታቀርብ ትዳር እንዴት ይሆናል? ወይዘሮ ደብሬ ከከተማው ወዲያ ወዳለው ካምፕ ሄደው ለተትንሳኤ ከምትባል የትግራይ ስደተኛ አንድ መሶብ በድብቅ አሰፉ። ለተትንሳኤ እጇ ቀልጣፋ ነው። ቀዩ በአረንጓዴ የሚጠላለፍበትን ሐረግ ከየት እንዳመጣችው ለጠየቃት አትደብቅም፤ ካምፑ ሲከፈት ከታደለው የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ነው።

እጮኛዋ ዓባይነህ ጦርነቱ ከካርቱም ያባረረው ልጅ ነው፤ ዶካ ላይ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ይነዳል። ልጆቹ ተዋደው ጨርሰዋል፣ የቀረው የእናቶች ነገር ነበር። በሽምግልናው ቀን የዓባይነህ እናት ወይዘሮ ኢትዮጵያ ከጠረፏ ከተማ ከገላባት ድፎ ዳቦ በሌማት ይዘው መጡ።

"ሌማቱን አያቴ ባሳየችኝ ሐረግ ራሴ ነኝ የሰፋሁት" አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ።

ሌማቱ ከመሶቡ አጠገብ ተቀመጠ። ቀይ በአረንጓዴ፣ ቀይ በአረንጓዴ። መንታ እንኳ እንዲህ አይመሳሰልም።

ሁለቱ እናቶች ተያዩ። አንዷ የሌላዋን ጉድ አወቀች፤ ግን ያንን ለማውጣት የራስን ማውጣት ግድ ነው። ስለ አየሩ ሙቀት ማውራት ጀመሩ።

ሽማግሌው አያ ሰማኸኝ ሙቀት አልገደዳቸውም። የዶካ ሐበሻ ዝምድና የሚቆጠረው በእሳቸው ጣት ነው።

"ይኽ ሐረግ ከቤታችሁ አይወጣም አልሽ፣ ደብሬ?"

"ከእናት ወደ ልጅ ብቻ፣ አያ።"

"ያንችስ፣ ኢትዮጵያ?"

"የኛማ ለምራት እንኳ አይታይ።"

"እንግዲያ ጉድ ፈላ! ሁለታችሁ የአንዲት ሴት ዘር ናችኋ። ደም የተገናኘ ሰባት ቤት ሳያልፍ አይጋባም። በሉ፣ ጋብቻው ቀረ።"

ማኅደር ብድግ አለች።

"አያ፣ ወላሂ እኔ አልሰፋሁትም! መሶቡም ሌማቱም የለተትንሳኤ ነው። ከካምፕ ተገዝቶ ነው፣ ኸላስ፣ አለቀ!"

"እውነቷን ነው" አለ ዓባይነህ። "ወይዘሮ ደብሬ ሽንኩርት ነው ብለው ረክሻዬ ላይ ያስጫኑኝ መሶቡ ነበር። የእማዬንም ሌማት በአውቶቡስ የላክሁላት እኔ ነኝ።"

ቤቱን የሞላነው ጎረቤቶች ወደ እናቶቹ ዞርን። ከሁለቱ አንዷ "እውነት ነው" ብትል ሠርጉ ዳነ።

"ምነው ልጄ፣ ለባል ብለሽ አያትሽን ትክጃለሽ?" አሉ ወይዘሮ ደብሬ።

"የኔውስ ጉድ!" አሉ ወይዘሮ ኢትዮጵያ። "እናቱን ከሽንኩርት ጋር ጭኖ አረፈው።"

አያ ሰማኸኝ አንገታቸውን ነቀነቁ። "አያችሁ? ዝምድናው እውነት ባይሆን ምን አስዋሻቸው?"

ማኅደር ማልቀስ ጀመረች። የእናቷ ልብ ራራ፤ እስከ መናዘዝ ድረስ ግን አልራራም።

"አያ ሰማኸኝ፣ ዝምድናውስ ይሁን" አሉ። "ግን እኮ ሩቅ ነው።"

"ምን ያህል ሩቅ?"

"እጅግ ሩቅ። ይቁጠሩት።"

"ይቁጠሩት" አሉ ወይዘሮ ኢትዮጵያም፣ ቶሎ ብለው።

ቆጠራው ተጀመረ። ወይዘሮ ደብሬ እናታቸውንና አያታቸውን በእውነት ጠሩ፤ ከዚያ በኋላ የሰፈር ሰው መግባት ጀመረ። ወይዘሮ ኢትዮጵያ መሀል ላይ ስም አለቀባቸው። ዓይናቸው በመስኮት አልፎ ሱሩር ከሚባለው ባለሱቅ ላይ አረፈ።

"ሱሩር" አሉ።

"ሱሩር ወንድ አይደለም እንዴ? ያውም የሱዳን!"

"የኛዋ ሴት ነበረች። ደርባባ ሴት።"

አያ ሰማኸኝ ትንሽ አሰቡና ጣታቸውን አጠፉ። እንዲህ እንዲህ እያለ አያት ከአያት ተወልዶ ሰባቱ ቤት ሞላ፤ አንዲት ስምንተኛ ተጨመረች።

"አለፈ!" አሉ ሽማግሌው። እልልታው ቀለጠ። ማኅደር እያለቀሰች ሳቀች፤ ዓባይነህ የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር።

"በሉ ልመርቅ። ሁለታችሁን የምታገናኘው የስምንተኛዋ ስም ማን ነበር?"

"ወለተ ማርያም" አሉ ወይዘሮ ደብሬ።

"ዘነቡ" አሉ ወይዘሮ ኢትዮጵያ፣ እኩል።

እልልታው ተቋረጠ። አያ ሰማኸኝ አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ፣ ገና ያልተቆረሰውን ድፎ አዩ።

"አንደኛው የክርስትና ስሟ ነው" አሉ። "አሜን በሉ።"

አሜን አልን።