የሳጥኑ ንዝረት

ሂያም መኪናው ሎጊያ መግቢያ ላይ ገና ሳይቆም በሩን ከፈተች። ከአዋሽ ጀምሮ በመኪናው ዝግታ ስትቃጠል ነው የመጣችው።

«ጋሽ ጁነዲን፣ ገዋኔ ላይ ያለፍናቸው ግመሎች ቀድመውን ሰመራ ገብተው ይሆናል።»

«ይግቡ!» አለ ሾፌሩ ሞተሩን እያጠፋ። «እኔ ዕቃ አልሰብርም፣ ወላሂ።»

የመጣችው ግን ለዚሁ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ጁነዲን ሰመራ ካደረሳቸው ስድስት የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያዎች አምስቱ ተሰብረው ተገኙ። የመኪናው ባለቤት አቶ አለባቸው መሐንዲሷን ሂያምን ጠርተው፣ «ሰውየው ይጋልባል። ማስረጃውን አምጪልኝና አሰናብተዋለሁ» አሏት። ከተሰበሩት ማሞቂያዎች አንዱን ለሙከራ መልሳ በሳጥን አሳሸገች። ንዝረትና ግጭት የሚመዘግቡ ሁለት መሣሪያዎች ነበሯት፤ አንዱን ከመኪናው ወለል፣ ሌላውን ከሳጥኑ ጋር አሰረች። ጭነቱን መጠበቅ ሰልችቷት ለሠራተኞቹ ትታ ቁርሷን ልትበላ ሄደች።

አሁን ጋቢና ውስጥ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘርግታ የወለሉን መዝገብ ከፈተች። መስመሩ ቀኑን ሙሉ ዝም ያለ ነው። ትልቁ ምት ከዕቃው ክብደት ሁለት እጥፍ አይሞላም። እንቁላል የጫነ ሰው እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ አይነዳም።

የሳጥኑን ከፈተች። ሰባት እጥፍ። ዘጠኝ። ሚሌን እንዳለፉ አሥራ አንድ።

«ሊሆን አይችልም» አለች ጮክ ብላ። መሣሪያዎቹ ተቀያይረው እንደሆነ ብላ ቁጥራቸውን ከማስታወሻዋ ጋር አመሳከረች። አልተቀያየሩም። ወርዳ ከኋላ ወጣችና ሸራውን ገለጠችው።

ከሳጥኑ ሥር በአየር የተነፉ አራት የከባድ መኪና ከመነዳሪዎች፣ የጎማ ውስጥ ላስቲኮች፣ ተደርድረዋል፤ በገመድ ተጠፍረው፣ እንደ ፍራሽ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ከመነዳሪ ነዋ!» ጁነዲን ከታች ሆኖ ደረቱን ነፋ። «ሕፃን የሚተኛበት ዕቃ ባዶ ብረት ላይ ይጫናል እንዴ? ከኪሴ ነው ጎሚስታው ጋ ያስነፋሁት። አንቺ የተማርሽው እንኳ አላሰብሽውም።»

ሂያም ሳጥኑን በሁለት እጇ ቁልቁል ተጫነችና ለቀቀችው። ሰጠመ፣ ነጠረ፣ እንደገና ሰጠመ።

«ይውጡና ይዩት» አለች። «መንገዱ በትንሹ ይነቀንቀዋል፣ ከመነዳሪው ያነጥረዋል። ሳይረጋ ሌላ ምት ይደርስበታል። እያደገ፣ እያደገ ይሄድና ከመኪናው ብረት ጋር ይላተማል። ብረቱ ላይ ቢያስሩት ኖሮ ይኼኔ ደህና ነበር።»

ጁነዲን ወጥቶ ሳጥኑን ራሱ ተጭኖ ለቀቀው። ደግሞ ተጫነው። ከዚያ እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበ።

«አምስቱንም... እኔ?»

ሂያም ከሁለቱ በቀር ይህን የሚያውቅ እንደሌለ፣ ሪፖርቱ ላይ ምን እንደምትጽፍም ገና እንዳልወሰነች እያሰበች ሳለ፣ ሰውየው ስልኩን አውጥቶ መጮህ ጀመረ።

«ከድሩ! የት ደረስክ? ... አቁም! አሁኑኑ ዳር ያዝ!»

ሂያም ደነገጠች። ከድሩ የጁነዲን ባልደረባ ነው፤ ከነሱ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ከአዋሽ ተነሥቷል። የጫነው ደግሞ አዳዲስ ማሞቂያዎችን ነው።

«እሱንም አስተምረውታል?»

«ዛሬ ጠዋት! በገዛ እጄ ነው ያነጠፍኩለት!» ወደ ስልኩ ዞረ። «አዎ፣ ያ ከመነዳሪ! አውጣው! ሳጥኖቹን ወለሉ ላይ አጥብቀህ እሰር! ... ሳቅ፣ ሳቅ፣ አንተ ከይሲ፤ ብቻ አውጣው!»

ስልኩን ዘጋና ላቡን ሳይጠርግ ሌላ ቁጥር ነካ። አቶ አለባቸው ነበሩ። ሂያም «ይቆዩ እስቲ» ብላ እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችበትም።

«ጋሼ፣ የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለ፤ ሳያቆራርጥም ሁሉንም ነገራቸው።

ሂያም ሥራህን ልቀቅ የሚለውን ቃል ጠበቀች።

«ከድሩ ቆሟል?» አሉ አቶ አለባቸው፤ ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ ይሰማል።

«ቆሟል።»

«ልጅቷ ናት ንገር ያለችህ?»

«እሷማ አፏ ተዘግቷል፣ ጋሼ።»

«ነገ ጭነት አለህ» አሉ በመጨረሻ። «ውሸታም ሳይሆን ጅል ነው የቀጠርኩት። ጅል ይማራል።» ስልኩ ተዘጋ።

ጁነዲን ከመኪናው ወርዶ በጋለው አስፋልት ጠርዝ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ሂያም ወርዳ አጠገቡ ቆመች።