የሦስተኛው ሻለቃ ከሊፋ

በስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት መጋቢት ላይ አልፊያ ረሻድ ኮልፌ ገበያ አጠገብ ባለ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ዕድሜዋ ሃያ አንድ ነው። ዓይኗ የተሳተ ስፌት አያመልጠውም፤ ለዚህም ባለሱቁ ጥንቃቄ የሚፈልግ ጥገና ሲመጣ ከእሷ በቀር ለማንም አይሰጥም።

አንድ ሐሙስ ቀን ጋሽ መሸሻ የሚባሉ የቀራንዮ ሽማግሌ በጋዜጣ የተጠቀለለ አሮጌ ካኪ ኮት ይዘው ገቡ። ለሚያዝያ ሃያ ሰባት ሰልፍ ሊለብሱት ነው። ገበሩ አልቋል፣ የኮሌታው ምልክትም ክሩ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። ኮቱ በጣሊያን ጊዜ አምስት ዓመት ሙሉ እንስራ ውስጥ ተቀብሮ የቆየ መሆኑን ነገሯትና እንዳትቸኩልበት ለምነዋት ሄዱ።

አልፊያ ኮሌታውን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ምልክቱ በክር የተጠለፈ የግዕዝ ቁጥር ነው፤ አምስት ቁጥር፣ ከላይም ከታችም ሰረዝ ያለው። መርፌዋን እንደያዘች ቀረች። እንዲህ ያለ ኮሌታ ከዚህ በፊት አይታለች፤ ያየችውም ቤታቸው፣ እናቷ ሳጥን ውስጥ ባለው ፎቶግራፍ ላይ ነው።

ፎቶው የአያቷ የከሊፋ አብደላ ነው። ከሊፋ ከወረራው በፊት ሥራ ፍለጋ ከስልጤ አዲስ አበባ መጥቶ በዚያው ወታደር ሆነ። ሚስቱ ሚስኪ ትንሿን ልጃቸውን ራህማን ይዛ አገር ቤት ቀረች። ከእሱ የደረሳት የመጨረሻ ነገር ወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፈ ይህ ፎቶ ነው፤ ካኪ ለብሶ፣ ባቱን በጨርቅ ጠምጥሞ፣ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል። ፎቶው በነጋዴ እጅ ተልኮ ብዙ ስለዘገየ ለሚስኪ የደረሳት አዲስ አበባ በጣሊያን ከተያዘች በኋላ ነበር። ባሏ ግን በዚያው ቀረ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሚስኪ ልጇን ይዛ ኮልፌ ገባችና ፎቶውን ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው። አንድ ቀን አቶ ሰብስቤ የሚባሉ ጎረቤት ለእድር ጉዳይ ሲመጡ አዩት። አቶ ሰብስቤ አርበኛ ነበሩ፤ በዱር በኖሩባቸው ዓመታት ካኪ ለብሶ ያዩት አበሻ ሁሉ የሚተኩስባቸው ነበር። ኮሌታው ላይ ያለችውን ምልክት አተኩረው አዩና የፈረንጅ ፊደል ናት፣ ባልሽ ባንዳ ነበር ብለዋት ወጡ። ሚስኪ ማንበብ አትችልም፤ ፎቶው መቼ እንደተነሳም አታውቅም። አውርዳ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ወሬው ግን ሰፈሩ ውስጥ ቀረ፤ ራህማም «የባንዳ ልጅ» ሲሏት እየሰማች አደገች። ሚስኪ የሞተችው ለባሏ አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት ሰደቃ ሳታወጣ ነው።

አልፊያ ከሥራ እንደተመለሰች የሳጥኑን ቁልፍ ጠየቀች።

«ተይው አልፊ» አለች ራህማ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ላለማየት የደከምኩበትን አንቺ በምን አንጀትሽ ታወጪዋለሽ?»

«ባንዳ ከሆነም እንወቀው፣ እማ። እስከ ዛሬ እኛ የምናውቀው ነገር የለም፤ ሌላ ሰው ነው ያወቀልን።»

ራህማ ቁልፉን ከአንገቷ ፈትታ ሰጠቻት።

በማግስቱ አልፊያ ከስፌት ቤቱ ጎን ካለው ሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽር ተዋሰች። ፎቶው ደብዝዟል። በባዶ ዓይን ሲያዩት ምልክቱ እውነትም የፈረንጅ ፊደል ይመስላል። በመነጽሩ ግን ከበላዩ አንዲት ቀጭን ሰረዝ ታየቻት፤ ትንሽ ቆይታ ስትፈልግ ከታቹም ሌላ አገኘች። ፊደል አይደለም፤ የግዕዝ ሦስት ቁጥር ነው።

የተጠገነውን ኮት፣ ፎቶውንና መነጽሩን ይዛ በእግሯ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ድረስ ሄደች። ጋሽ መሸሻ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው የሚኖሩት። መነጽሩን ተቀብለው ፎቶው ላይ ያለውን ኮሌታ አዩ፤ አይተው ሲያበቁ እንደገና አዩ። እሳቸው ከጦርነቱ በፊት የክብር ዘበኛ የአምስተኛ ሻለቃ ወታደር ነበሩ። ያኔ እያንዳንዱ ሻለቃ ቁጥሩን ኮሌታው ላይ ያደርግ እንደነበር፣ ሦስተኛውም ማይጨው ላይ ከጎናቸው እንደተሰለፈ ነገሯት። ሽማግሌው ግን ፎቶውን መልሰው ሰጧት።

«ልጄ፣ ልዋሽሽ አልችልም» አሉ። «ጣሊያን ከገባ በኋላ የሟች ኮት የለበሰ ባንዳ ብዙ ነው። ይህ ፎቶ መቼ እንደተነሳ ካላወቅሁ በሞተ ሰው ላይ ክፉም ደግም አልመሰክርም።»

ልትወጣ ስትል ጠሯትና ጀርባውን አይታው እንደሆነ ጠየቋት። የክብር ዘበኛ ወታደሮች ፎቶ ሲነሱ እንዳይቀያየር የክፍሉ ጸሐፊ በያንዳንዱ ጀርባ የባለቤቱን ስምና የተነሳበትን ጊዜ በእርሳስ ይጽፍ ነበር። የዚህ ጀርባ ካርቶን ላይ ተለጥፏል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲያልቅ አልፊያ እናቷን ስፌት ቤቱ አመጣቻት። ካውያውን በከሰል አጋለች፤ እርጥብ ጨርቅ ካርቶኑ ላይ ዘርግታ በእንፋሎቱ ሙጫውን ልታላቅቀው ነው። ካውያውን ግን መልሳ አስቀመጠችው። ፎቶው ከተበላሸ የአያቷ መልክ ሌላ ቦታ የለም። ራህማም የአባቷን ፊት የምታውቀው ከዚህ ፎቶ ብቻ ነው።

«አድርጊው» አለቻት ራህማ። «ሳጥን ውስጥ ሆኖም እኮ ጠፍቶብን ነው የኖረው።»

አልፊያ እየተኮሰች፣ እያነሳች፣ ጫፉን በጥፍሯ እየፈለቀቀች ቀጠለች። አንዱ ማዕዘን ተቀደደ። ከዚያ ካርቶኑ ባንድ ጊዜ ለቀቀ። ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈው ጠርቶ ይታያል። አልፊያ ጮክ ብላ አነበበች።

«ወታደር ከሊፋ አብደላ። ክብር ዘበኛ፣ ሦስተኛ ሻለቃ። ሰኔ ፲፱፻፳፯ ዓ.ም.»

ጣሊያን ድንበር የተሻገረው ከዚያ በኋላ፣ በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ነው። ራህማ እንድትደግምላት ጠየቀቻት። ደገመችላት። ሦስተኛ ጊዜ ስታነብላት ራህማ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

በዚያው ቀን ሳይመሽ ተያይዘው ቀራንዮ ሄዱ። ጋሽ መሸሻ ጽሑፉን እንዳነበቡ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ከሊፋን በመልክ እንደማያውቁት አልደበቁም። ነገር ግን ከማይጨው የተመለሱትን የሦስተኛ ሻለቃ ሰዎች በየስማቸው ያውቋቸው ነበር፤ ጥቂት ናቸው፣ አንድ በአንድ ቆጠሩላቸው። ከሊፋ የሚባል የለም።

«አባትሽ እዚያው ነው የቀሩት» አሏት ራህማን። «ይህን በፈለግሽው ቦታ ቆሜ እናገራለሁ።»

በማግስቱ እሁድ የእድሩ ስብሰባ ነበር። ዳኛው ራሳቸው አቶ ሰብስቤ ናቸው። ራህማ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ሳትናገር ነበር የምትሄደው። ያን ቀን መሀል ላይ ቆመች፤ አልፊያና ጋሽ መሸሻ ከኋላዋ አሉ። ብዙ አልተናገረችም። ፎቶውንና አጉሊ መነጽሩን አቶ ሰብስቤ ፊት አስቀመጠችና እንዲያዩት ጠየቀቻቸው።

አቶ ሰብስቤ ኮሌታውን አዩ። ገልብጠው ጀርባውን አነበቡ። ጋሽ መሸሻ ስለ ሦስተኛው ሻለቃ የሚያውቁትን ሲናገሩ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ራህማ፣ እናትሽን ያዋረድኳት እኔ ነኝ» አሉ። «በቤቷ ቆሜ የተናገርኩት ሐሰት ነው። እኔ ጫካ ከመግባቴ በፊት ባልዋ ሞተውልኝ ነበር። ሁላችሁም እዚህ ያላችሁ ይህን ስሙ፤ ያልሰማም ካለ ንገሩት።»

ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሊይዙ ሲሉ ራህማ በሁለት እጇ አነሳቻቸው። እናቷ ይህን ሳትሰማ መሞቷ እንደሚቆጫት አልሸሸገችም፤ ቂም ግን አልያዘችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አባቴ ሰደቃ አልወጣላቸውም። ኑና አብረን እናውጣላቸው።»

ከፋሲካ በኋላ የእድሩ ድንኳን ራህማ ደጅ ተተከለ። ካስማውን የመቱት አቶ ሰብስቤ ናቸው። ሸኾቹ ዱዓ አደረጉ፤ ክርስቲያን ጎረቤቶችም በጋቸውን ለብቻ አርደው ከጎን አሠሩ። ጋሽ መሸሻ ካኪ ኮታቸውን ለብሰው፣ ፎቶውን ከፍ አድርገው ይዘው ፎከሩ፤ ከሊፋን በስሙና በሻለቃው ጠርተው ሲያበቁ የድንኳኑ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት።

ፌርማታው ላይ ከአውቶቡስ የወረደች አንዲት ሴት ድንኳኑንና እልልታውን አንድ ላይ አይታ ግራ ገባት። በሩ ላይ የቆመችውን ራህማን ማን ሞቶ ነው ብላ ጠየቀቻት።

«አባቴ» አለች ራህማ፣ ድምጿ መንገዱን ተሻግሮ እስኪሰማ። «የክብር ዘበኛ ሦስተኛ ሻለቃ ወታደር፣ ከሊፋ አብደላ። ማይጨው ላይ። ግቢ፣ ብዪላቸው።»