ሁለት አባወራ በአንድ ፕሮግራም

ቤቴል ካለችው ትንሽ ክሊኒክ የምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ሞቲ የሠራው የምዝገባ ፕሮግራም እንደገና ደረቀ። መስኮቱ ነጣ፤ ቢነኩት አይሰማ፣ ቢጫኑት አይመልስ።

«ሞቲዬ፣ ልጅህ ዛሬም ተኛ» አለችው መዝጋቢዋ ኢክላስ። «ወይ ቀስቅሰው፣ ወይ ትራስ አምጣለት!»

የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ካሳነሽ በር ላይ ቆመው ቁርጡን ነገሩት። «እስከ መዝጊያ ሰዓታችን ካልተስተካከለ ነገ ወደ ወረቀታችን ነን። ኮምፒውተር እስኪነቃ በሽተኛ አይጠብቅም።»

ሞቲ በሽታውን ያውቀዋል። ፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት ሉፕ፣ ማለት ሳያቋርጥ የሚደጋገም የትእዛዝ ዙር፣ አለ፤ ሁለቱም እየዞሩ ሥራ ይጠባበቃሉ። አንዱ መስኮቱን ያያል፤ ማን ነካኝ፣ ምን ተጻፈብኝ ይላል። ሌላው ጦር ኃይሎች ካለው ላቦራቶሪ ውጤት ይጠብቃል። ታዲያ ሁለቱም አባወራ ነን ባይ ናቸው። ውጤት ጠባቂው አንዴ ወንበሩን ከያዘ መልስ ሳያገኝ አይነሳም፤ መስኮቱ ተራ አጥቶ ይደርቃል።

ላፕቶፑን ይዞ ጓሮ ወረደ። ምሳም ቀረ። ሁለቱን ለያይቶ ቢሞክር ፕሮግራሙ ጭራሽ ወደቀ። ሁለቱ «አንላቀቅም!» ያሉት መሰለ። በመጨረሻ አባወራነቱን ለመስኮቱ ብቻ ሰጠ፤ ውጤት ጠባቂው መሀል መሀሉን ብቅ እያለ «መጣ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ካልመጣ ቦታውን ይለቃል።

ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ጫነው፤ ሠራ።

«ሲስተር፣ ይምጡ ይዩ! ነቃ!» ኢክላስ አጨበጨበች።

ሞቲ ግን ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ቀረ። ኢክላስ ወረፋ የሚጠብቁትን የጋሽ ቀጄላን የስኳር ውጤት ከላቦራቶሪው ጠይቃ፣ እስኪመጣ የሌላ ታካሚ፣ የሀያቱን ካርድ ከፍታ ነበር። ሀያቱ የመጣችው ለሳል ነው፤ ስሟ ሥር ግን የስኳር ውጤት ተቀምጧል። ድሮ መስኮቱ ሲደርቅ ሌላ ካርድ መክፈት አይቻልም ነበር፤ መስኮቱ ሲላቀቅ ስህተቱም አብሮ ብቅ አለ።

ሌላ ያየ የለም።

«ሲስተር፣ እንዳይጠቀሙበት» አለ ሞቲ።

«አሁን አይደል እንዴ የሠራው?»

«የአንዱን ውጤት ለሌላው ይሰጣል። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ሲስተር ትክ ብለው አዩት። «ልንዘጋ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ዛሬ ይስተካከላል።»

የተሳሳተውን ውጤት አጥፍቶ እዚያው ቆሞ መጻፍ ጀመረ። እያንዳንዱ ጥያቄ የካርዱን ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ መልሱም፣ የማንም ካርድ ክፍት ይሁን፣ ወደዚያው ቁጥር ብቻ ይመለሳል።

«ኢኩ፣ የቀጄላን ጠይቂና የፈለግሽውን ክፈቺ። በደንብ ረብሺው።»

«መረበሽማ ለኔ ተወው!» ካርድ በካርድ ላይ ከፈተች። ውጤቱ ሲመጣ የጋሽ ቀጄላ ካርድ ላይ ገባ፤ የሀያቱ ካርድ ባዶውን ነበር።

ሲስተር ካሳነሽ አላመኑም። ወንበሩን ስበው እሳቸውም ሊያሳስቱት ሞከሩ፤ ደጋገሙት። እምቢ አላቸው። ያኔ ወደ ወረፋው ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦

«ጋሽ ቀጄላ! ይግቡ፣ ውጤትዎ ደርሷል።»